ስለ አንድ የዒላማ ተኩስ ትምህርትና ስላልተጠየቁ ሽማግሌዎቻችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ ከልጄ ጋር የሄድኩበት የቅዳሜና እሁድ የዒላማ ተኩስ ትምህርት ነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሮ፣ በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ስንቱ ሰው ከቦ ጠየቀኝ። ግማሹ በጉጉት ነው፣ ግማሹ በቁጣ። አንድ በጣም የማከብራቸው እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እኛ እኮ ከጥይት ሸሽተን ነው እዚህ የመጣነው። አንቺ ደግሞ ልጅሽን ወደ ጥይት ትወስጃለሽ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትልቅ ነው፤ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስም አይደለም። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። ከእናንተ የምጠይቀውም ነገር አለኝ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው። የክፍል ጓደኛው ከአባቱ ጋር ሄዶ ወድዶት ስለነገረው «እማዬ እንሂድ» ብሎ ያዘኝ። ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም። ዳር ቁጭ ብዬ ከምጠብቀው አብሬው ልማር አልኩና ሁለታችንም ተመዘገብን። ከሜሪላንድ ተነስተን ቨርጂኒያ ገጠር ወዳለ የተኩስ ሜዳ ሄድን።

ትምህርቱ አፕልሲድ ይባላል። የሚያዘጋጀው የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ታሪክ ሕያው አድርጎ ለማቆየት የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በብዙ ስቴቶች ይሰጣል። አስተማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀይ ኮፍያ ያደረገው አስተማሪ ነው፤ ብርቱካናማ ያደረገው ገና አስተማሪ ለመሆን እየሠለጠነ ያለ ነው። የዛሬውን ፖለቲካ አያነሱም። ማን ማንን እንደመረጠ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው ሰው የሚይዘው «ሃያ ሁለት» የሚሉትን ትንሽ ጠመንጃ ነው፤ ድምፁ ቀለል ያለ ነው፣ ትከሻም አይመታም። የሚተኮሰው 25 ሜትር ላይ በተሰቀለ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ምስሎች ግን እያነሱ ነው የሚሄዱት። ትልቁ 100 ያርድ ላይ የቆመ ሰው የሚታየውን ያህል ነው፣ ትንሹ 400 ያርድ ላይ ያለ ሰው የሚታየውን ያህል። ፈተናው 40 ጥይት ነው። ከ250 ነጥብ 210 ያመጣ «ራይፍልማን» የሚል ማዕረግና ልብስ ላይ የሚሰፋ ምልክት ያገኛል።

አሁን ወደ እኚያ እናት ጥያቄ ልምጣ። ጠዋት ስንደርስ መጀመሪያ የተማርነው ስለ መተኮስ አይደለም። አራት ደንቦች ናቸው፤ ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ ይደግማቸዋል። አፈሙዙ ሁልጊዜ ደህና ወደሆነ አቅጣጫ ይዙር። ትእዛዝ ሳይሰጥ ጥይት አይጉረስ። ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ወደ ምላጭ አይግባ። አራተኛዋ ናት ልቤን የነካችው፤ አጠገብህ ያለው ሰው ሦስቱን መጠበቁን ማየት የአንተም ኃላፊነት ነው ትላለች። ተኩሱ ቆሞ ሰዎች ወረቀታቸውን ለማየት ወደፊት ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱ ጠመንጃ ካዝናው ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ ጥይት መጉረሻው ላይ ከሩቅ የሚታይ ፕላስቲክ ተሰክቶበት መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መንካት አይደለም፣ አጠገቡ ማጎንበስም አይፈቀድም። አንድ ግዙፍ ሰውዬ የወደቀ መነጽሩን ሊያነሳ ወደ ጠመንጃው ጎንበስ ሲል፣ አጠገቡ የነበረች አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ «ጌታዬ፣ ወደ ኋላ!» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱ እንኳ አልተቀየረም። አመሰገናት።

እኔ ያደግኩት ልጅ አዋቂን ሲያርም ነውር በሆነበት ቤት ነው። ያደግኩበት አገር ደግሞ በሠርግና በለቅሶ ጠመንጃ ወደ ሰማይ የሚተኮስበት ነው። ያ ጥይት ተመልሶ የት እንደሚወርድ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ልጆች ሥሩ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ ልጄ ጠመንጃ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ጓደኛው ቤት፣ ወላጅ በሌለበት፣ መሳቢያ ውስጥ አግኝቶት ከሚሆን፣ እንዲህ ባለ ሥርዓት ፊት ቢሆን እመርጣለሁ። የምንኖርበት አገር ጠመንጃ የሞላበት ነው። ልጆቻችን አያገኙትም ብሎ ማሰብ አይቻልም። ይህን ስል ግን ጦርነት አይቶ የመጣ ሰው፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሊሄድ ይገባል ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን አለ። ማንም ሊጫነው አይገባም፤ ሕመሙም እውነት ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በስተቀር አይፈቀድለትም፤ ለአፍታ ተበድሮ መተኮስም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። በግብዣ ብቻ እንዳትሄዱ።

ተኩሱ ራሱ ከጠበቅኩት በላይ ሰውነትን የማዳመጥ ነገር ነው። ተኝተህ ማንገቻውን ክንድህ ላይ ጠበቅ አድርገህ ታስራለህ። ዒላማውን ትይዛለህ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍን ይሉሃል። ትንፋሽ አስገባ፣ አስወጣ። ዓይንህን ስትገልጥ ማነጣጠሪያው ወደ ጎን ሄዶ ታገኘዋለህ። በክንድህ ጎትተህ መመለስ ክልክል ነው። የግራ ክርንህን ሳታነቃንቅ መላ ሰውነትህን ቀስ አድርገህ ታዞራለህ፣ እንደገና ትጨፍናለህ፣ እንደገና ታያለህ። ጡንቻ ይደክማል፣ አጥንት አይደክምም ይላሉ። ትንፋሽህን አስወጥተህ ባረፍክባት ቅጽበት ምላጩን ሳታስደነግጠው ትስበዋለህ፤ ከተኮሰም በኋላ ወዲያው አትለቀውም። አስተማሪዎቹ ወረቀቱን አይተው ምን እንዳደረግክ ይነግሩሃል። ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ከተሰለፉ እየተነፈስክ ነው የተኮስከው ማለት ነው። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ አስተማሪ የልጄን ወረቀት ጸሐይ ላይ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ ጎኑ ተንበርክካ ክርኑን በሁለት ጣት ብቻ ወደ ውስጥ ገፋችለት። የሚቀጥሉት ጥይቶች አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ስልኩን ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ አላወጣም። እናቶች ይህን ስሙልኝ።

ግን የጻፍኩት በዋናነት ስለ ታሪኩ ነው።

በምሳ ሰዓት ጠመንጃው ሁሉ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሰው ወንበሩን ይዞ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። የሚነገረው የነጻነት ጦርነቱ የተጀመረበት የአንድ ቀን ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775። ከዋዜማው ሌሊት ይጀምራል። ቦስተንን የያዘው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጌጅ 700 ያህል ወታደር በጨለማ ወንዝ አሻግሮ ኮንኮርድ ወደምትባል ከተማ ይልካል። ነዋሪው እዚያ መሣሪያና ባሩድ አከማችቷል፣ ያንን ለማጥፋት ነው። ከነዋሪው ወገን የሆኑት ፖል ሪቪርና ዊሊያም ዶውስ በፈረስ ወጥተው መንደሩን ይቀሰቅሳሉ። ሪቪር መንገድ ላይ ይያዛል፣ ዶውስ ያመልጣል፤ ወሬውን ኮንኮርድ ያደረሰው መንገድ ላይ የተቀላቀላቸው ሐኪም ሳሙኤል ፕሬስኮት ነው። ንጋት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ኮንኮርድ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሌክሲንግተን ሜዳ ላይ 77 ያህል የመንደር ሰው ቆሟል። አለቃቸው ጆን ፓርከር የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሞቷል። መጀመሪያ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ጭሱ ሲገለጥ 8 የመንደሩ ሰዎች ሞተዋል፣ 10 ቆስለዋል።

ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ ይባላል። ጥቁር ነው። በዚያ ጠዋት ባሪያ ነበር፤ ሌላው ለነጻነቱ ሲቆም እሱ የራሱ ነጻነት ሳይኖረው ነው የቆመው። ከዚያም በኋላ ተዋግቷል፤ ነጻ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለ እሱ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አሜሪካ አብዮት ሲማር «ይህ የእነሱ ታሪክ ነው» ይለኝ ነበር። ኢስታብሩክን ካወቀ በኋላ ያንን ሲል አልሰማሁትም።

ሁለተኛው ክፍል የኮንኮርድ ድልድይ ነው። አይዛክ ዴቪስ የሚባል፣ ኮንኮርድ አጠገብ ካለችው ከአክተን የመጣ ሰው አለ። 30 ዓመቱ ነው፣ አራት ልጆች አሉት፣ ሙያው ጠመንጃ ሠሪ ነው። ከቤቱ ጀርባ ዒላማ ተክሎ የመንደሩን ሰዎች ያለማምድ ነበር። ጠዋት ሰዎቹ እሱ ቤት ተሰበሰቡ። ልጆቹ በሙሉ ታመው ተኝተዋል። ዝም ያለ፣ ያሰበ ፊት ነበረው። ከበር ወጣ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ሐና ዞረና «ልጆቹን አደራ» ብቻ አላት። ሄደ። ድልድዩ ላይ ማን ይቅደም ሲባል ከእኔ ሰዎች የሚፈራ የለም ብሎ ፊት ቆመ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ድልድዩ ጋ ተመትቶ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ሬሳውን ቤቱ አመጡት።

ይህ ሲነገር የሚበላውን ምግብ እጁ ላይ ይዞ የቀረ ሰው አይቻለሁ። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አደራ የምትለዋን ነገር ስንቱ አባት በስንት አገር ብሏታል።

ሦስተኛው የመልስ ጉዞው ነው። ወታደሮቹ ወደ ቦስተን ሲመለሱ ከየመንደሩ የመጣ ሰው ከግንብ አጥርና ከዛፍ ጀርባ እየተኮሰ ሲያሳድዳቸው ዋለ። ሳሙኤል ዊትሞር የሚባሉ የ78 ዓመት ሽማግሌ ብቻቸውን ገጥመው ፊታቸውን በጥይት ተመቱ፣ በሳንጃ ተወጉ፣ ሞቱ ተብለው ተተዉ። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ኖረዋል። ሲመሽ ከእንግሊዝ ወገን 73 ሰው፣ ከነዋሪው 49 ሰው ሞቷል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ዴቪስ ከቤት ሲወጣ ያላትን ያችን ቃል ማን አቆያት? ሐና ናት። እ.ኤ.አ. በ1835፣ ባሏ ከሞተ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የ89 ዓመት አሮጊት ሆና ሳለ ጠየቋት፤ ተናገረች፣ ጻፉት። የልጆቹን መታመም፣ የፊቱን ሁኔታ፣ የመጨረሻ ቃሉን የምናውቀው አንድ ሰው ሳይረፍድ ስለጠየቃት ነው። ባትጠየቅ ኖሮ «አይዛክ ዴቪስ ድልድዩ ላይ ሞተ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበር የምትቀረው።

እኔ ስለ አያቴ ያለኝ ያችን አንዲት መስመር ናት። የእናቴ አባት ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ። በቃ። አንዱ ዘመድ ከበላይ ዘለቀ ጋር ነበሩ ይላል፣ ሌላው አይ ከሌላ የጦር አለቃ ጋር ነው ይላል። ጠመንጃቸው ምኒሽር እንደነበረ ይነገራል። በስንት ሰዓት ከቤት እንደወጡ፣ ስንቁን ማን እንዳሰናዳ፣ ማን ታሞ ቤት እንደቀረ፣ ለአያቴ ምን ብለዋት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። አያቴ ታውቅ ነበር። ቁጭ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የማሳቹሴትስ ጠመንጃ ሠሪ በ1775 ጠዋት ለሚስቱ ያለውን ልጄ በቃሉ ያውቀዋል፤ የገዛ ቅድመ አያቱን ግን በስም ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የጣልያን ወረራ ያበቃው በ1933 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ከ90 አልፏል። ለዓድዋማ ከረፈደ ቆይቷል፤ ከአያት የሰማ አባት ካለ ግን እሱም ሀብት ነው።

ስለ ዓድዋም ልናገር። በየዓመቱ የካቲት 23 አዳራሽ ተከራይተን እናከብራለን። ባንዲራ አለ፣ ሽለላ አለ፣ ፉከራ አለ፣ ንግግር አለ። ልጆቻችን ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። አልፈርድባቸውም። የምንነግራቸው «ድል አደረግን» የሚለውን ነው፤ ቀኑ እንዴት እንደነጋ አንነግራቸውም። ታሪኩ እኮ አለ! በመስከረም 1888 የታወጀው አዋጅ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ ያለው አለ። አዋጁን የሰማ ገበሬ ሰብሉ ገና ሳይታጨድ ነው የወጣው። መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን የውሃ ምንጭ አስይዘው ጠላትን በጥም ያስጨነቁት አለ። ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ ሰናድር የሚባሉትን ጠመንጃዎች የያዘው አለ፣ ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘውም አለ። የጊዮርጊስ ዕለት ከንጋት በፊት አለ። የጣልያኑ ጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ በኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስም ተምታቶበት ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት የሄደበት፣ ከዚያም ብቻውን የተገኘበት ስህተት አለ። ፊታውራሪ ገበየሁ የወደቁበት ሰዓት አለ። ይህን ሁሉ ጥላ ሥር ተሰብስቦ፣ በሰዓት በሰዓቱ፣ ካርታ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሰማ ልጅ ስልኩን የሚያወጣ አይመስለኝም። ጥይት አያስፈልገውም። ጥሩ ተናጋሪ፣ የተዘጋጀ ሰው፣ ትንሽ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ሌላ ነገርም ከዚያ ሜዳ ብንወስድ ደስ ይለኛል። የዛሬውን ፖለቲካ እዚያ ቀን ላይ አለመጫን። የእኛ ስብሰባ ላይ ዓድዋ ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያ ወገን ይህን አደረገ፣ ይህ ወገን ያን አደረገ ይመጣል። ሰው ተቀያይሞ ይወጣል። ልጆቹም ያያሉ። ለአንድ ከሰዓት ብቻ እንኳ የዛሬው ጣጣ በር ላይ ቢቆይ ምን አለበት? ዓድዋ የዘመተው ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ የሚነገር አለ፣ ለማንም አያንስም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በጋዜጣችሁ ላይ አንድ ቋሚ ዓምድ ክፈቱልን። ከአንባቢ የሚመጣ፣ ከሽማግሌ አፍ የተቀዳ፣ አጭር ታሪክ ይሁን። ጀግንነቱን ሁሉም ይናገረዋል፤ የጠዋቱን ነገር ጠይቁ በሉን። ማን ቀሰቀሳቸው? ምን ለበሱ? ስንቁ በሶ ነው ጭኮ? ማን በር ላይ ቆሞ ሸኛቸው? ምን አሉ? የዘመቱት ብቻ ሳይሆኑ ቤት የቀሩት እናቶችም ይጠየቁ፤ ሐና ዴቪስ አልተኮሰችም፣ ያለ እሷ ግን ያ ጠዋት ባልተረፈ ነበር። በባንዳነት ስሙ የሚነሳ ዘመድ ያለውም ቢሆን እውነቱን ይጻፍ፤ ስም ሳይጠራ ማተም ይቻላል። የዕድርና የማኅበር አመራሮችም ይህን ካነበባችሁ፣ ለሚመጣው የካቲት 23 ከንግግሮቹ ሁለቱን ቀንሳችሁ ለልጆቹ አንድ ሰዓት ስጡ። እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚነግራቸው ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ልጄም ካርታውን እኔ እሠራለሁ ብሏል፤ ለመጠየቅ ለሚፈልግ ማኅበር ፈቃደኛ ነው።

በበኩሌ አክስቴን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። 87 ዓመታቸው ነው፣ ባሕር ዳር ናቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል። እሳቸው የጠዋት ቡናቸውን ሲያፈሉ እኔ ልጆቼን አስተኝቼ እደውላለሁ፣ በስልክ እቀዳለሁ። ከአያቴ የሰሙት እኔ ካሰብኩት በላይ ነው፤ ምኒሽሩ የት ተቀብሮ እንደነበረ ሳይቀር ያውቃሉ። ዓምዱን ከከፈታችሁ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከእኔ ጠብቁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በኢሜይል እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ